የተኳረፉት ቁልፍ ያዦች

ሸዋሮቢት ውስጥ ሰው ከሙቀቱ የተነሣ ለጠብ አቅም ያጣል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ከተማችንን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። እኛ የምንጣላው ጥላ ፈልገን፣ ቁጭ ብለን፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣን ነው። ሙቀቱ የሚከለክለን መታረቅን ነው። መታረቅ ከቤት መውጣት ይጠይቃል፤ ፀሐይ ተሻግሮ ሰው ደጃፍ መድረስ ይጠይቃል። ኩርፊያ ግን ከተቀመጡበት ሳይነሡ የሚሠራ ሥራ ነው።

ይሁንና ዛሬ የምጽፈው ስለ ፋይናንስ ነው። አትሣቁ። ይህን ጽሑፍ ከጀመርሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፍና ሻይ አፈላለሁ፣ ሻዩን ጠጥቼ ዐረፍተ ነገሩን እሰርዛለሁ። ስኳሬ እያለቀ ስለሆነ አሁን መጨረስ አለብኝ።

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት ደህና ሰው ነበርሁ። ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ኖሬ፣ አንድ ፋይል ሳይጠፋብኝ ጡረታ ወጥቻለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን አንድ አመል ያዘኝ። በሬን ቆልፌ እስከ ማዕዘኑ እሄድና ተመልሼ እገፋዋለሁ። እንደገና እሄድና እንደገና እመለሳለሁ። ሸዋሮቢት ውስጥ በቀትር ጋቢ ይዛ የምትወጣ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ብርድ ቢመጣስ? ማንም ሰው ጠዋት ደህና ወጥቶ ማታ ደህና ይገባል ብሎ የፈረመልኝ የለም።

የሰፈራችን ሴቶች የቁጠባና ብድር ማኅበር አለን። ባለፈው ዓመት አንድ አሠልጣኝ ከደብረ ብርሃን መጣልን፤ ስለ ገንዘብ ተቋማት የሥራ ሂደት ስጋት ሊያስተምረን። ልጁ ብርዳማውን ጣርማ በር ሲያልፍ በለበሰው ጃኬት ነው የገባው። የስጋትን ትርጉም ሲያስረዳን ጃኬቱን አወለቀ፤ የስጋትን ዓይነቶች ሲዘረዝር ሹራቡን አወለቀ፤ ስለ ቁጥጥር ሲነግረን ሸሚዙን ፈታታ። ሥልጠናው የአንድ ቀን በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን።

«ስጋት ከአራት ቦታ ይመጣል» አለን። «ከሰው፣ ከአሠራር፣ ከመሣሪያ፣ ከውጭ። ከውጭ ለሚመጣው ምሳሌ የሚሰጠኝ?»

እማማ ስንዱ እጃቸውን አወጡ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ከግቢያቸው ማንጎ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«ምራቴ!» አሉ።

ልጁ ጥቂት አሰበና ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ እኔን ያበላሸኝ ይኸ ነው። የድንገተኛ ጊዜ ገንዘባችን በብረት ሳጥን ይቀመጣል። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት ሴቶች አንድ አንድ ይይዛሉ። ልጁ ግንባሩን ጠረገና፣ «ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ከተመሳጠሩ ሳጥናችሁ ቁልፍ የለውም ማለት ነው» አለ። ይህች ቃል ሆዴ ገብታ ተቀመጠች።

በስተመጨረሻ የስጋት ተቆጣጣሪ ይመረጥ ተባለ። ሊቀመንበራችን አስካለ ወዲያው ተነሣች።

«ምርጫ ምን ያደርጋል?» አለች እኔን እያሳየች። «ይህቺ ሴት ሦስት ጊዜ ሳትቆልፍ ገበያ አትሄድም። ባለፈው እኔ ቤት መጥታ ጣራው ቢወድቅስ ብላ በሩ ሥር ነው የተቀመጠችው። ስጋትን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?»

ተጨበጨበ። ሰው በሐዘኑ ሲሾም ያየሁት ያኔ ነው።

ሹመት የወሰደ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዐሥራ አራት ገጽ መመሪያ ጻፍሁ። አንዱን ልጥቀስላችሁ፦ «አይጥ ወደ ቢሮ እንዳይገባ፤ ከገባ ይመዝገብ።» ሌባ እንዳይወስደው ብዬ ሳጥኑን በብሎን ከወለሉ ሲሚንቶ ጋር አሳሰርሁት። ቁልፍ በሰው እጅ እንዳይላክ፣ ባለቁልፏ ራሷ እንድትመጣ አዘዝሁ። ሦስቱም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል ካልተገኙ ሳጥኑ እንዳይከፈት ደነገግሁ። የቀረኝ የመመሳጠሩ ነገር ነበር።

ማን ከማን ጋር አይመሳጠርም? ዝምድና የሌላቸውን ልምረጥ አልሁ፤ በሸዋሮቢት ዝምድና የሌለው ሰው ቢኖር ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። ጎረቤት ያልሆኑትን አልሁ፤ አበልጅ ሆነው ተገኙ። አበልጅ ያልሆኑትን አልሁ፤ የአንድ የጽዋ ማኅበር ጠበልተኞች ሆነው ተገኙ። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠስሁ ሳለ ነገሩ በራልኝ። ከተኳረፈ ሰው በላይ የማይመሳጠር ማን አለ?

ኩርፊያ ደግሞ በእጃችን ነበር። እማማ ስንዱን አውቃችኋቸዋል። የማንጎ ዛፋቸው አንድ ቅርንጫፍ አጥር ተሻግሮ ዘነበች ግቢ ይጥላል። ዘነበች በዋናው መንገድ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ያላት ናት። የወደቀው ማንጎ የማን ነው በሚል አራት ዓመት ተዘጋግተዋል። ማንጎው እየበሰበሰ ነው፤ በዝንቡ ብቻ እኩል ይካፈላሉ። ዘነበች ደግሞ ለፋንታዬ ለሠርግ ትልቅ ድስት አውሳት ነበር። ፋንታዬ ከቅርባችን ከጀውሃ ማሾ የሚሉትን ጥራጥሬ እያመጣች የምትነግድ፣ ከሦስቱ ልጅነት ያላት ናት። ድስቱ ሲመለስ ጎኑ ገብቷል። «ሲሄድ ደህና ነበር» ትላለች አንዷ፤ «ሲሄድም እንዲሁ ነበር» ትላለች ሌላዋ። ይህቺው ፋንታዬ በእማማ ስንዱ ልጅ ሠርግ ላይ ወጡን ቀምሳ፣ «ጨው አልበዛም?» አለች። ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ግን እስካሁን አልመጣም።

ሦስት ሰው፣ ሦስት ጠብ፤ ማንም ከማንም አይነጋገርም። እንዲህ የተሟላ ኩርፊያ በይፋት ቆላ ሁሉ ቢፈለግ አይገኝም። ሦስቱንም አስመረጥኋቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ ምክንያቱን በሐቅ ጻፍሁ፦ «እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ በመሆናቸው።» ጮክ ብዬ ሳነብ ግን «ታማኞች በመሆናቸው» አልሁ። ሦስቱም በኩራት ደረታቸውን ነፉ፤ እያንዳንዷ ሌሎቹ ሁለቱ እንዴት ተመረጡ ብላ እየተገረመች።

ለወራት ሁሉም ሰላም ሆነ። ሳጥኑ ከላይ ማስገቢያ ቀዳዳ ስላለው መክፈት አላስፈለገንም። አሠልጣኙ ደውሎ፣ «የሳጥኑ ቁጥጥር እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ «እስካሁን ማንም ሊከፍተው አልቻለም!» አልሁት። አመሰገነኝ።

ከዚያ ሰኞ ጠዋት በላይነሽ መጣች።

በላይነሽ አባላችን ናት። ከሮቢ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይታ ሽንኩርት ተክላለች። ችግኙን የገዛችው ያላትን አንዲት ላም ሸጣ ነው። ሽንኩርቱ ራስ የሚቋጥርበት ሰሞን ላይ የውሃ መሳቢያ ሞተሯ ሞተ። መካኒኩ ጋ አንድ መለዋወጫ ብቻ አለ፤ እሱንም ሌሎች ፈልገውታል። «እስከ ሐሙስ እይዝልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ ለከፈለ ነው» ብሏታል። የጎረቤቶቿ ሞተር ለራሳቸው ማሳም አልበቃ ብሏል።

«ሐሙስ ካለፈ ሽንኩርቱም አለፈ» አለችኝ። «ላሚቱም በከንቱ ሄደች።»

ብድሩ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። «ነገ ጠዋት ሳጥኑ ይከፈታል» ብዬ በኩራት ሸኘኋት፤ ቁልፍ ያዦችን ልጠራም ወጣሁ።

ዘነበችን ምግብ ቤቷ አገኘኋት። «መምጣቱን እመጣለሁ» አለች፤ «ያቺ ማሾ ነጋዴ ካለች ግን አልገባም።»

ፋንታዬ ሱቋ ውስጥ ማሾ ታበጥራለች። «እማማ ስንዱ ባሉበት? እኔ? ጨዋማ እሆንባቸዋለሁ!»

እማማ ስንዱ ከዛፋቸው ሥር ተቀምጠዋል። «የሰው ማንጎ የምታሸት ሴት ባለችበት ክፍል አልቀመጥም» አሉ።

«እማማ፣ ማንጎውን እኮ አልነካችውም፤ እየበሰበሰ ነው።»

«በዓይኗ ነካችው።»

እንግዲህ የራሴን መመሪያ ራሴ ልጥስ ተገደድሁ። አንድ በአንድ እየመጣችሁ የየራሳችሁን ክፈቱ አልኋቸው። ሁሉም እሺ አሉ፤ ግን ሁሉም መጨረሻ ካልሆንሁ አሉ። መጀመሪያ የከፈተችው ቁልፏን ትታ ልትሄድ ነው፤ ሳጥኑን አፉን ከፍቶ የምታየው መጨረሻ የመጣችው ናት። ለሦስት ሰው ሦስት መጨረሻ ከየት ላምጣ?

አስካለ፣ «እንስበረው» አለች። በያጅ ጠራን። መጥቶ ሳጥኑን ዞረው፣ በእግሩ መታ መታ አደረገው።

«ማነው ከሲሚንቶው ጋር ያሠረው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«በጣም ጎበዝ ኖት እናቴ። መብራት ሲመጣ ጥሩኝ።»

መብራት ከሄደ ሁለት ቀኑ ነበር።

ማክሰኞ አዲስ ዘዴ አመጣሁ። ቢሮአችን ውስጥ ገመድ ወጥሬ የአልጋ ልብሶቼን ሰቀልሁና ክፍሉን ለሦስት ከፈልሁት። ሁሉም ክፍል ወደ ሳጥኑ ጥግ ይደርሳል፤ አንዷ ሌላዋን አታይም። መመሪያው በአንድ ክፍል ይላል እንጂ ይተያዩ አይልም። በተለያየ ሰዓት አስገባኋቸው። ሦስቱም ከየመጋረጃቸው ጀርባ እያላባቸው ተቀመጡ።

«ለዚያች ሴትዮ ንገሪልኝ» አለች ዘነበች፣ «ቁልፏን ታስገባ።»

«ለእሷ ንገሪልኝ» አለች ፋንታዬ፣ «ድስቷን አልያዝሁም፣ አትጩህብኝ።»

«ለሁለቱም ንገሪያቸው» አሉ እማማ ስንዱ፣ «እኔ የለሁም።»

መካከል ቆሜ የተሰማውን ሁሉ እንዳልተሰማ አድርጌ እያደረስሁ ሳለ ዘነበች አነጠሰች። እማማ ስንዱ ከአፋቸው አምልጧቸው፣ «ይማርሽ!» አሉ።

አራት ዓመት የተጠበቀ ኩርፊያ በአንዲት ንጥሻ ተሰበረ።

«ለንጥሻው ነው እንጂ ለእሷ አይደለም!» ብለው እማማ ስንዱ ተቆጥተው ብድግ ሲሉ ነጠላቸው ገመዱን ያዘው። ገመዱ ተበጠሰ፤ አልጋ ልብሱ ሁሉ ሦስቱ ላይ ወረደ። ከጨርቁ ሥር እየተራገጡ ወጡና በሦስት አቅጣጫ ሄዱ። ፋንታዬማ ከነቁልፏ ጀውሃ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣች። በባጃጅ ተከትያት ጀውሃ ደርሼ፣ ከማሾ ጆንያ መካከል ለምኜ መለስኋት። ስንመለስ በላይነሽ ቢሮው ደጃፍ ተቀምጣለች። ብድግ ብላ ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ደምሴን ለመንሁ። በደሴ መስመር አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አሁን ሰው የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው።

«እርቅ ቢያንስ ሦስት ፌርማታ አለው» አሉኝ። «መጀመሪያ መለመን፣ ከዚያ መውቀስ፣ ከዚያ መሳም። ለሦስት ጠብ ሦስት ሦስት ስናደርግለት ለመስቀል እንደርሳለን።»

«ጋሼ፣ እስከ ነገ ነው ያለን።»

«ያለ ፌርማታ?» ጢማቸውን አሹ። «ሞክሬው አላውቅም። ሽንኩርቱ ዘንድ እንውሰዳቸው፤ የተቸገረውን ይዩት።»

ቁልፋቸውን ይዘው እንዲመጡ አድርገን ሦስቱንም በሦስት ባጃጅ ማሳው አደረስናቸው። ሽንኩርቱ ጫፉ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። በላይነሽ ከወንዙ በጀሪካን እየቀዳች በሥር በሥሩ ታጠጣለች፤ ልብሷ ጭቃ በጭቃ ነው። ሴቶቹ ዐይናቸውን ሰበሩ፤ ግን በሦስት አቅጣጫ ሰበሩት።

ጋሼ ደምሴ መሬት ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ከዚህ ሁሉ ሴት፣ እነዚህን ሦስቱን መርጣችሁ ቁልፍ የሰጣችሁት ለምንድን ነው?»

ሽማግሌ ፊት አይዋሽም። ቃለ ጉባኤውም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ የትም ስሄድ ይዤው ነው የምሄደው፤ ቢሮው ቢቃጠልስ? አወጣሁና አነበብሁ።

«እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ በመሆናቸው።»

በላይነሽ ጀሪካኗን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ምን አለች?» አለች ዘነበች።

«ታማኞች ስለሆናችሁ አላለችም ነበር?» አለች ፋንታዬ።

«ለጠባችን ነው የተሾምነው?» አሉ እማማ ስንዱ።

ዘነበች ዞራ ፊት ለፊት አየቻቸው። «ሰሙ እማማ? እኛን እንደ ውሻ በአጥር ለያይታ ሳጥን ልታስጠብቀን!»

«ሰማሁ ልጄ!» አሉ እማማ ስንዱ። «ለካ ለዚህ ነው ስትስቅልኝ የከረመችው!»

«በአልጋ ልብስ የሸፈነችንስ?» አለች ፋንታዬ። «እማማን አስወድቃ ብትሰብራቸው ኖሮስ?»

«አንቺንም እኮ እስከ ጀውሃ አሳደደችሽ፣ እህቴ!» አለች ዘነበች።

እህቴ! ጋሼ ደምሴ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሦስቱ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው እኔን ይወቅሱኝ ጀመር። አመሌን፣ መመሪያዬን፣ በቀትር የምይዘውን ጋቢ አልማሩልኝም። ጋሼ ደምሴ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ።

«ያለ ፌርማታ ማለት ይህ ነው» አሉ።

ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ተጭነው ወደ ቢሮው በረሩ። እኔን አልጫኑኝም። ላብ በላብ ሆኜ በእግሬ ስደርስ ሳጥኑ ተከፍቷል፣ አስካለ አስፈርማለች፣ በላይነሽ መካኒኩ ጋ ሄዳለች። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ሞተሩ ሲነሣ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። እኔም ሄጄ ቆምሁ። ውሃው በቦዩ እየተንፏቀቀ ሲመጣ መሬቱ ሲጠጣ ይሰማል፤ እንደ ሰው ጉሮሮ። በላይነሽ ቦዩ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች፤ በእግሯ ግን ውሃውን እየመራች ነው።

እኔም ይቅርታ መለመኑ አልቀረልኝም። ድንጋይ ተሸክማ ትለምነን ተባለ። ድንጋዩን የመረጠችው ዘነበች ናት፤ የሸዋሮቢት ድንጋይ በፀሐይ ላይ ውሎ እንዴት እንደሚፋጅ ተሸክሞ ያየ ያውቀዋል። እማማ ስንዱ ግን ቶሎ አዘኑልኝና፣ «በቃ፣ ጣይው፤ ደግሞ እግርሽ ላይ እንዳይወድቅ» አሉኝ። እኔም ይህንኑ እየሰጋሁ ነበር።

እርቁ ግን አዲስ ጣጣ አመጣ። ሦስቱ ሴቶች አይለያዩም። የተሻገረው ማንጎ ዘነበች ምግብ ቤት ጭማቂ ሆኖ ይሸጣል፤ ፋንታዬ በዚያው ድስት ማሾ ትቀቅላለች፤ እማማ ስንዱ እየቀመሱ፣ «ጨው ጨምሪ» ይላሉ። እያንሾካሾኩ ሲሣቁ ባየሁ ቁጥር የአሠልጣኙ ቃል ሆዴ ውስጥ ትገላበጣለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራሁ።

«ቁልፍ ያዦቻችን በጣም ተዋደዋል» አልሁ። «ለማኅበሩ አደጋ ናቸው።»

ሦስቱ ተሸለምን ብለው ተቃቀፉ። «ልክ ናት፤ እኛ አሁን አንታመንም!» አለች ፋንታዬ፤ አንዱን ቁልፍ ለማስረከብም ተስማሙ።

አስካለ ወደ ጉባኤው ዞረች። «እሺ፣ ከእነዚህ ጋር ሊመሳጠር የማይችል፣ የተኳረፈ ሰው ማን አለ?»

የጾም ወራት ገብቶ ነበር፤ ሁሉም ታርቋል። እርስ በርስ ተያዩ። አንድም እጅ አልወጣም።

«አንቺስ?» አለችኝ አስካለ። «ከማንም አልተኳረፍሽም?»

አላሰብሁበትም። አፌ ብቻውን መለሰ።

«ከአንዱ ጋር ብቻ ነው» አልሁ። «ባለቤቴን ከወሰደው ጋር። ቤቱ እሄዳለሁ፣ ደጁን እሳለማለሁ፣ እመለሳለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገርሁትም።»

አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማን ምን እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ያለችው ዘነበች ናት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ቁልፏን ከአንገቷ እያወጣች። «ስጧት እንጂ! እሱ እንደሆነ ከማንም ጋር አይመሳጠርም!»

ሣቁ ጣራውን አነሣው፤ እኔም ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ፤ አልወደቀም።

አሁን ቁልፍ ያዥ ነኝ። ጋሼ ደምሴ ግን ሰሞኑን ደጄን ይመላለሳሉ።

«ለሽምግልና ተልኬ ነው» ይላሉ።

«ማን ላከዎት?» ስላቸው ጣታቸውን ወደ ላይ ይቀስራሉ።

እንግዳ ናቸውና ወንበር አወጣላቸዋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፤ ስኳሬን የጨረሱት እሳቸው ናቸው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተቀምጠናል። ባለፈው፣ «እሺ፣ ምን በደለሽ?» ሲሉኝ ጥቂት ነገርኋቸው፤ ገና ብዙ ይቀራል። ጋሼም አያጣድፉኝም፣ እኔም አልቸኩልም። ከታረቅሁ ቁልፉን ማስረከቤ ነዋ።